ምድር ውስጧ ባዶ ናት? ያለፈበት ሳይንስ በልጆች የጀብዱ መጻሕፍት ውስጥ

ስልክ የሚነካካ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ መስማቱ አይቀርም፦ «ምድር ጠፍጣፋ ናት ይላሉ፤ እውነት ነው?» ወይም «ከመሬት በታች ሌላ ዓለም አለ አሉ፤ እውነት ነው?» ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ እንዲህ የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። የብዙ ወላጅና መምህር መልስ አጭር ነው፤ የተሳሳተ ነገር ከልጅ ዓይን ይራቅ። ችግሩ ይህ መልስ ቪዲዮው ላይ አይቆምም። ዞሮ ዞሮ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ይደርሳል። ሳይንሳቸው ያለፈበት የጀብዱ ልቦለዶችስ ለልጅ ይሰጣሉ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ስለ ድሮ የልጆች መጻሕፍት የሚነሳው ክርክር አዲስ አይደለም። በየካቲት 2023 እንግሊዝ አገር ፑፊን የተባለው አሳታሚ የታዋቂውን የልጆች ደራሲ የሮአልድ ዳልን መጻሕፍት ቃላት መቀየሩ ሲሰማ ከፍተኛ ውዝግብ ተነሥቶ ነበር። አሳታሚው በኋላ የድሮውንም ቅጂ ጎን ለጎን እንደሚያትም አስታወቀ። የዚያ ክርክር ጉዳይ የሰውን ስሜት የሚጎዱ ቃላት ነበሩ። ሳይንስ ሲሆን ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ያለፈበት» ማለት ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ያለፈበት ሳይንስ ማለት በዘመኑ በቂ ምክንያት የነበረው፣ ቁም ነገረኛ ሊቃውንት የያዙት፣ በኋላ የተሻለ ማስረጃ ሲመጣ የተተወ ሐሳብ ነው። የቲክቶኩ ጠፍጣፋ ምድር እዚህ ውስጥ አይገባም። የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ በጥላ ርዝመት ያሰላው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ ጠፍጣፋ ናት የሚል ሰው የያዘው አሮጌ ሳይንስ አይደለም። ማስረጃውን አልቀበልም ማለቱ ነው።

መጻሕፍቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ሲጻፍ ሳይንሱ ትኩስ ነበር፤ መጽሐፉና ሳይንሱ አብረው አረጁ። አንዳንዱን ደራሲው ዛሬ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል፤ ታሪኩን ግን ስህተቱ ገና በሚታመንበት ዘመን ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ «የድሮዎቹ ሊቃውንት ልክ ቢሆኑ ኖሮስ?» ብሎ በስህተቱ ላይ ሙሉ ዓለም ይገነባል። ልጁ ላይ የሚያሳድሩት ነገር ስለሚለያይ ሦስቱን በአንድ ላይ ማውገዝም ማወደስም ትክክል አይሆንም።

ሃሌይ ለምን ምድርን ባዶ አደረጋት?

የሃሌይ ኮሜት የሚባለው ጅራታም ኮከብ ከጀርባው ጭራ እየጎተተ በየ76 ዓመቱ ገደማ ብቅ ይላል። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። ይህ ሰው ተራ ሰው አልነበረም፤ የኒውተን ወዳጅ ነው፤ የኒውተንን ትልቁን መጽሐፍ በገዛ ገንዘቡ ያሳተመም እሱ ነው። በ1692 ደግሞ ምድር ውስጧ ባዶ ናት አለ።

ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን መርከበኞችን የሚያስቸግር አንድ ነገር ነበር። የኮምፓስ መርፌ የሚያሳየው ሰሜን ቦታውን ቀስ እያለ ይቀይራል። ለንደን ላይ ዛሬ የተለካው ከሃምሳ ዓመት በኋላ አይሠራም። ማግኔቱ ያለው ድንጋይ ውስጥ ከሆነ፣ ድንጋይ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ሃሌይ እንዲህ አሰበ። እኛ የቆምንበት 500 ማይል ያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት ነው። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ ሌላ ቅርፊት፣ ከዚያም ሌላ፣ መሃል ላይ ደግሞ እንብርት። እያንዳንዱ የራሱ ማግኔት አለው፤ ሁሉም በትንሹ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ። የኮምፓሱ መንቀሳቀስ ከዚያ የሚመጣ ነው። ኒውተን የጨረቃን እፍጋት ሲያሰላ ተሳስቶ ጨረቃን ከምድር ይበልጥ የታመቀች አድርጓት ስለነበር፣ ምድር ውስጧ ክፍት ነው የሚለው ሐሳብ ከስሌቱም ጋር የሚሄድ መሰለ። ሃሌይ በ80 ዓመቱ ሥዕሉን ሲያሠራ በእጁ የያዘው ወረቀት እነዚያን ቅርፊቶች የሚያሳይ ነው። አላፈረበትም ማለት ነው።

ሐሳቡን የጣለው ማስረጃ ቆይቶ መጣ። በ1798 ሄንሪ ካቬንዲሽ የምድርን አማካይ እፍጋት ለካ፤ ከውሃ 5.48 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ከላይ ያለው አለት ከውሃ የሚበልጠው ሦስት እጥፍ ባልሞላ ነው። ስለዚህ ውስጧ ባዶ ሊሆን ይቅርና ከላይዋ በጣም የከበደ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ከሃሌይ ሐሳብ አንድ ቁራጭ ተርፏል። ዛሬ የምድርን ማግኔት የሚያመጣው በውስጧ ያለ የቀለጠ ብረት እንቅስቃሴ መሆኑን እናውቃለን። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ማለቱ ልክ ነበር። የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ነው የሳተው።

የቬርን ልቦለድ እና ያኮረፈው አክሰል

ፈረንሳዊው ጁል ቬርን ወደ ምድር መሃል ስለሚደረግ ጉዞ የጻፈውን ልቦለድ ያሳተመው በ1864 ነው። ሃምቡርግ የሚኖሩት ፕሮፌሰር ሊደንብሮክ፣ አጎቴ የሚላቸው አክሰል እና ሃንስ የተባለ መንገድ መሪ አይስላንድ ካለው ከስኔፌልስ እሳተ ገሞራ ገብተው ጣሊያን ባለው በስትሮምቦሊ ይወጣሉ። መጽሐፉን የማያውቅ ሰው «ልጆችን የሚያሳስት ተረት» ሊለው ይችላል። ገልጦ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

አክሰል ገና ከመነሻው አይሄድም ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ወደታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ መሃሏ ላይ ማንኛውም ነገር ነዶ ጋዝ ይሆናል። አጎቱ የእንግሊዛዊውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ሐሳብ ይዞ ይመልስለታል። ዴቪ እሳተ ገሞራ የሚነሳው ከላይ የሚሰርገው ውሃ በምድር ውስጥ ካሉ ብረቶች ጋር ሲገናኝ ነው የሚል መላ ምት ነበረው። በልቦለዱ ውስጥ ሙከራው ሳይቀር ይተረካል። ከብረቶች የተሠራች አንዲት ኳስ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲደረግ ቆዳዋ ያብጣል፣ ትንሽ ተራራ ይሠራል፣ አናቱ ይከፈትና ይፈነዳል። ለልጅ እንዴት የሚያማልል ማስረጃ ነው! ሙቀቱ ከላይ ከሆነ መሃሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዛሬ አክሰል ልክ እንደነበረ እናውቃለን። ሩሲያ ውስጥ ኮላ በተባለው ልሳነ ምድር ከ1970 ጀምሮ የተቆፈረው ጉድጓድ በ1989 የደረሰው 12,262 ሜትር ነው። ታች የጠበቃቸው ሙቀት 100 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ያገኙት 180 ሆነ፤ መሰርሰሪያውም አልገፋ አለ። ወደ መሃል 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ጉድጓዱ አንድ ከመቶውን እንኳ አልሞላም።

ልቦለዱ ውስጥ ግን የሚያሸንፈው አጎትየው ነው፤ ይወርዳሉ፣ አይቃጠሉም። የሚገርመው ቬርን መጨረሻ ላይ አክሰልን አለማሳመኑ ነው። ልጁ ያን ሁሉ አይቶ ከወጣ በኋላም በመሃል ሙቀት ማመኑን እንደማይተው ይናገራል። ደራሲው ጀብዱውን ለአጎት፣ ጥርጣሬውን ለልጁ ሰጠ። አንባቢ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ለእኔ የመጽሐፉ ዋና ጥንካሬ ይህ ነው።

በ1867 ቬርን መጽሐፉ ላይ ምዕራፎች ጨመረ። አዲሱ ወሬ አቤቪል በተባለች የፈረንሳይ ከተማ አጠገብ፣ ሙላን ኪንዮን ላይ በ1863 ስለተገኘ የሰው መንጋጋ ነበር። ቡሼ ደ ፔርት የተባለው ተመራማሪ ሰው ከጠፉ ግዙፍ እንስሳት ጋር አብሮ መኖሩን የሚያሳይ አጥንት ላመጣ ሠራተኛ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ነበር። አጥንቱ መጣ። እንግሊዛውያኑ ሊቃውንት ጠረጠሩት፤ ፈረንሳውያኑ ደገፉት። ቬርን ይህን የጦፈ ዜና ወስዶ ልቦለዱ ውስጥ አስገባው። መንጋጋው ግን በቁፋሮው ቦታ ሆን ተብሎ የተቀበረ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ቡሼ ደ ፔርት በዋናው ነጥብ ልክ መሆኑ ነው፤ ሰው በእርግጥ ከማሞቶች ጋር ኖሯል። ትክክለኛ መደምደሚያ፣ የውሸት አጥንት። አንድ መምህር ይህን ይዞ ክፍል ቢገባ የሳይንስ መማሪያው የማይነግረውን ብዙ ነገር ማስተማር ይችላል።

ለንደን፣ 1854፦ ሽታው ነው ወይስ ውሃው?

ሁለተኛው ዓይነት መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌው ስለ ኮሌራ የሚጻፈው ነው። አሜሪካዊቷ ዲቦራ ሆፕኪንሰን በ2013 ባሳተመችው የልጆች ልቦለድ፣ ኢል የተባለ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀመ የሚኖር ልጅ የዶክተር ጆን ስኖው ረዳት ይሆናል። ልጁ ፈጠራ ነው። ዶክተሩና ወረርሽኙ እውነተኛ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ሐኪሙም ባለሥልጣኑም የሚያምነው ሚያዝማን ነበር። ይህም ከሚበሰብስ ነገር የሚነሣ መጥፎ አየር በሽታ ያመጣል የሚል ንድፈ ሐሳብ ነው። ቂል አልነበሩም። በሽታው የሚበረታው ድሆች ተፋፍገው በሚኖሩበት፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ በሚፈስበት ሰፈር ነው። እዚያ ደግሞ ይሸታል። ሽታውና ሞቱ አብረው ሲሄዱ በየቀኑ ይታያል። አተትን የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም።

ስኖው ውሃው ነው አለ። በነሐሴ መጨረሻ ሶሆ ሰፈር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ሟቾቹ ከብሮድ ጎዳና ቧንቧ የሚቀዱ መሆናቸውን ቤት ለቤት እየዞረ አጣራ። ልብ የሚሰቅለው ግን የማይገጥሙትን መከታተሉ ነው። አጠገቡ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ለምን አልታመሙም? ቢራ ነበር የሚጠጡት፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ሴትስ ሩቅ ሆና ለምን ሞተች? የዚያን ቧንቧ ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በጋሪ ታስመጣ ነበር። ምንም ሳይጨመርበት የወንጀል ምርመራ ታሪክ ይመስላል። ደራሲዎች ለምን እንደሚወዱት ግልጽ ነው።

መስከረም 8 ቀን የቧንቧው እጀታ ተነቀለ። በልጆች መጻሕፍት ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በድል ያልቃል። እውነታው ግን ይጎረብጣል። ወረርሽኙ እጀታው ከመነቀሉ በፊት መብረድ ጀምሮ ነበር፤ ይህን ስኖው ራሱም ጽፎታል። የመንግሥት የጤና ኮሚቴ ሐሳቡን አልተቀበለውም። ሊያፈርሰው የተነሣው ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ የሰፈሩ ቄስ ነው በመጨረሻ የስኖውን ማስረጃ ያጠናከረለት። ስኖው በ1858 ሲሞት አብዛኛው ሰው አሁንም በሚያዝማ ያምን ነበር።

ከዚያ የባሰ እንቆቅልሽ አለ። በዚያው በ1858 በጋ ቴምዝ ወንዝ ከመግማቱ የተነሣ ፓርላማው ለመሰብሰብ ተቸገረ። ሽታውን ለማጥፋት ገንዘብ ተፈቀደ፤ ጆሴፍ ባዝልጌት ግዙፉን የለንደን የፍሳሽ መስመር ሠራ። ፍሳሹ ከሚጠጣው ውሃ ራቀ፤ ኮሌራም በአብዛኛው ለቀቀ። የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ ትክክለኛ ሥራ አሠራ ማለት ነው። ቀደም ሲል ደግሞ ይኸው ንድፈ ሐሳብ ሽታው ከቤት ይውጣ ተብሎ ፍሳሹ ሁሉ ወንዙ ውስጥ እንዲደፋ አድርጎ ነበር። ሰው ደግሞ ያንን ወንዝ ይጠጣል። አንድ ጀግና፣ አንድ እጀታ፣ አንድ ድል ብሎ የሚያልቅ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የዚህ ዓይነት ልቦለድ ድክመት ስህተትን ማስተማሩ አይደለም። የድሮ ሰዎችን ሁሉ ሞኝ አድርጎ ማሳየቱ ነው።

ሰማዩ ባሕር ቢሆን ኖሮ

ሦስተኛውን ቶሎ እንለፈው። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሪቭ በ2006 ባሳተመው የልጆች ልቦለድ ዘመኑ 1851 ነው፤ የቪክቶሪያ መርከቦች ግን በህዋ ይቀዝፋሉ፣ የህዋ ወንበዴዎችም አሉ። ታሪኩ የተመሠረተው በኤተር ላይ ነው። ኤተር የ19ኛው መቶ ዘመን የፊዚክስ ሊቃውንት ህዋን ይሞላል፣ ብርሃንንም ያስተላልፋል ብለው ያመኑት የማይታይ ነገር ነው። በ1887 ማይክልሰን እና ሞርሊ ክሊቭላንድ ላይ ምልክቱን ፈልገው አጡት፤ በ1905 አንስታይን ጭራሽ አያስፈልግም አለ። ማርስ ላይ አሉ ተብለው የታመኑት ቦዮች ዕጣ ፈንታም እንደዚያው ነው፤ በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር አልፋ ፎቶ ስታነሣ የተገኘው ጠባሳ የበዛበት ደረቅ መሬት ነበር።

ልጅ በዚህ ይሳሳታል ብሎ መስጋት ብዙም አያስኬድም። የህዋ መርከብ ሸራ እንደማይዘረጋ ያውቃል። ጨዋታው እንዲገባው ግን እውነተኛውንም ማወቅ አለበት።

ልጅ ከልቦለድ ምን ይወስዳል?

የሚሰጉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልሳቤት ማርሽ እና ባልደረቦቿ ከ2003 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ሰዎች በልቦለድ ውስጥ ያነበቡትን የተሳሳተ መረጃ በኋላ በፈተና ላይ እንደ እውነት መልሰው እንደሚጽፉ አሳይተዋል። ልቦለድ መሆኑን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ታሪክ ሲጥም ጥርጣሬ ይተኛል።

በሌላ በኩል ስህተትን መደበቅም ልጁን ባዶ አያደርገውም። በ1992 ስቴላ ቮስኒያዱ እና ዊሊያም ብሩወር 60 የአሜሪካ ተማሪዎችን ስለ ምድር ቅርጽ ጠየቁ። ልጆቹ ክብ ናት ብለው ይመልሳሉ። ሲያስስሏቸው ግን ከፊሎቹ ሰው ውስጧ የሚኖርባትን ባዶ ኳስ አደረጓት፤ ከላይ ሰማይ፣ ከታች ጠፍጣፋ መሬት። ማንም ሃሌይን አላስነበባቸውም። እግራቸው ሥር የሚያዩትን ጠፍጣፋ መሬትና መምህሩ የነገራቸውን ኳስ ለማስታረቅ ራሳቸው ፈጠሩት።

በትምህርት ጥናት ውስጥ አፍራሽ ጽሑፍ የሚባል ነገር አለ። የተለመደውን ስህተት መጀመሪያ በግልጽ ያስቀምጣል፣ ለምን እንደሚያሳምን ይናገራል፣ ከዚያ ለምን እንደማይሠራ ያሳያል። ትክክለኛውን ብቻ ከሚነግር ጽሑፍ ይልቅ ይህ እንደሚሠራ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ጥሩ ያለፈበት ሳይንስ ልቦለድ ሲሳካለት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ለሚመርጥ ሰው ታዲያ ጥያቄው «ሳይንሱ ልክ ነው?» ከመሆን «በታሪኩ ውስጥ የሚቃወም ሰው አለ? ሐሳቡስ በምን ተፈተነ?» ቢሆን ይሻላል። የኮሌራው ታሪክ ይህን ያልፋል። አክሰል ያለበት የቬርን መጽሐፍም በግማሽ ያልፋል።

ስለ ሰው የተሳሳተው ሳይንስ

እዚህ ላይ ግን ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። ቬርን በ1867 በጨመረው ክፍል ፕሮፌሰሩ ከምድር በታች የሰው አስከሬን ያገኛሉ። ወዲያው ንግግር ይጀምራሉ። የፊቱን ማዕዘን ለኩ፤ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ መንጋጋው ወደፊት አልወጣም፤ ስለዚህ ነጭ ዘር ነው ይላሉ። የፊት ማዕዘን ማለት ከግንባር እስከ መንጋጋ የሚሰመር መስመር የሚፈጥረው ማዕዘን ነው። መለኪያው የሆላንዳዊው ፔትረስ ካምፐር ሲሆን፣ በኋላ ሰዎች የዘር ደረጃ ማውጫ አደረጉት። በልቦለዱ ውስጥ አክሰል ለዚህ መልስ የለውም። የምድርን ሙቀት የሚጠይቅ እንጂ ይህን መለኪያ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ያለፈበት ኤተር ማንንም አይጎዳም። ያለፈበት የራስ ቅል ልኬት ግን አንባቢውን ራሱን ይለካዋል። አፍሪካዊ ልጅ ገጹ ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ላይ ያለው እሱ ነው። የእኛም ታሪክ ከዚህ አላመለጠም፤ የአውሮፓ ጸሐፊዎች በዚሁ አመዳደብ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው አፍሪካ ነጥለው «ሐማዊ» ሲሉ፣ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ነገር ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ለማለት ተጠቅመውበታል።

አንዳንዱ ይቆረጥ ይላል። ሌላው እንዳለ ይተው ይላል። መቁረጥ ቬርንን ከነበረው ይበልጥ ንጹሕ ያስመስለዋል። ዝም ማለት ደግሞ ልጁን ብቻውን ይተወዋል። የኅዳግ ማስታወሻ ይጨመር የሚሉት መሃል ላይ ናቸው፤ እኔም ወደ እነሱ አጋድላለሁ። ግን የኅዳግ ማስታወሻ የሚያነብ ልጅ ስንት አለ? አብሮት የሚያነብ ትልቅ ሰው ከሌለ ያን ምዕራፍ ለከፍ ያለ ዕድሜ ማቆየቱ ይሻላል።

በአማርኛስ?

ለዚህ ዓይነት ልቦለድ ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ለንደን መሄድ አያስፈልግም። ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ተፈጠረ የሚለው ትምህርት የግሪኮችም የእኛም ሊቃውንት ተፈጥሮን ያስረዱበት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች እየወጣች በምዕራብ በስድስት በሮች እንደምትገባ፣ ዓመቱም 364 ቀን እንደሆነ ይናገራል። ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ለባለቤቶቹ እንተውና፣ እንደ ምልከታ ብቻ ብናየው በሮቹ ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። የፀሐይ መውጫ በእርግጥ ከወር ወር በአድማሱ ላይ ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት በአንድ ዛፍና በአንድ ተራራ መሃል ምልክት እያደረገ የሚከታተል የቆሎ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ስሌቱ በአንድ ቀን ከሩብ ገደማ ይጎድልበታል። ያችን የጎደለች ቀን ፍለጋ ራሷ አንድ ልቦለድ ይወጣታል።

የጄምስ ብሩስም አለ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የዓለምን ትልቅ ምሥጢር የፈታ መሰለው። ከምንጩ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1618 እዚያ ቆሞ እንደነበር ሊቀበል አልፈለገም። ረጅሙ የናይል ክንድ ነጭ ዓባይ መሆኑም ሐሳቡን አላስቀየረውም። የግሽ ሰው ደግሞ ምንጩ የት እንዳለ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ሲጸልይበትና ሲጠመቅበት ኖሯል። ይህ ጀብዱ ብዙ ጊዜ የተተረከው ከፈረሱ ላይ ካለው ሰው ዓይን ነው። መንገድ ከሚመራው የመንደር ልጅ ዓይን የሚጽፈው ደራሲ ካለ፣ ብሩስ ሲጨፍር ልጁ ምን ብሎ እንደሚገረም ከወዲሁ መገመት ይቻላል።